የሞተር ሳንባ

ሚያዝያ 21፣ አዋሽ

ጻፍ ስለተባልኩ ነው የምጽፈው። ሰመራ ያለችው ሐኪም፣ ዶክተር ኮከብ፣ "አባባ፣ ሌሊት ሲያፍንዎት ጠዋት ተነስተው ይጻፉት፤ የት እንደነበሩ፣ ምን እንደሠሩ" አለችኝ። አባባ! ገና ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ደብተሩን የገዛችው ሚስቴ ሙሉሐረግ ናት። ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ አለበት። በዚህም ተናድጃለሁ።

እሺ፣ ከሥሩ ልጻፈው። አስሙ የልጅነቴ ነው። ተላምደን ኖረናል፤ የምስበው መድኃኒት፣ ፓፉ፣ ከኪሴ አይለይም። ባለፈው ጥር ግን ገዋኔን እንዳለፍን መሪ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። መኪናው ከነተሳቢው አስፋልቱን ለቆ አሸዋ ውስጥ ገባ። ረዳቴ ጁነዲን መሪውን ባይጠመዝዘው ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። የመኪናው ባለቤት ሀጂ ሰዒድ አዲስ አበባ ልኮ አስመረመረኝ። ስተኛ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ትንፋሼ ይቋረጣል፣ ሌሊት ሳልተኛ ነው የማድረው፣ ለዚህ ነው ቀን የማንጎላጀው አሉ። የሙሉሐረግ እህት ከዱባይ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ላከችልኝ። ጭምብሉን አፍንጫዬ ላይ አጠልቃለሁ፣ መሣሪያው በቱቦ አየር እየገፋ ጉሮሮዬን ከፍቶ ያሳድራል። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጎማ ስነፋ አድራለሁ ማለት ነው።

ሀጂ ቁልፉን ወስዶ ለጁነዲን ሰጠው። "እስከ አረፋ ነው ባንተይርጋ። ሐኪሟ ተኝቶ ያድራል፣ መንዳት ይችላል ካለችኝ ቁልፍህን ትወስዳለህ። ካላለች ግን፣ ወላሂ፣ የሰው ነፍስ አልሸከምም" አለኝ። እስከዚያው በቀኙ ወንበር እሄዳለሁ። በገዛ መኪናዬ የረዳቴ ረዳት ሆኛለሁ። ይኸው፣ ተጻፈ።

ሚያዝያ 25፣ ሎጊያ

ሙቀቱ አልጋ ክፍል ውስጥ አያስተኛም። እንደ ሁልጊዜው አልጋዎቹን ግቢው ውስጥ ደርድረውልናል፤ ሾፌሩ ሁሉ ከላይ ሰማይ፣ ከታች አቧራ ሆኖ ይተኛል። እኔ ደግሞ በመካከላቸው ጭምብል አጥልቄ! "ፓይለት! አዲስ አበባ ስንደርስ ቀስቅሰን!" አለ አንዱ። ሳቁ እስከ ነዳጅ ማደያው ተሰማ። አልመለስኩለትም። ጭምብል አድርጎ የሚሳደብ ሰው የበለጠ ያስቃል።

አንድ ደግ ነገር ሠርቻለሁ። ዶክተሯ "መሣሪያውን ንጹሕ ያድርጉት፣ እዚህ አገር አቧራው ብዙ ነው" ብላኛለች። ንጽህናን ለእኔ ልታስተምር? ከመተኛቴ በፊት እዚሁ ሎጊያ ጣሃ ጎሚስታው ዘንድ ወስጄ ቱቦውን፣ ጭምብሉን፣ ከጀርባው ያለችውን የክብሪት ቀፎ የምታህል ፊልትሮ፣ ሁሉንም በኮምፕሬሰር አስነፋሁት። አቧራው ብን ብሎ ወጣ። ሆስፒታል ውስጥ እንኳን እንዲህ አያጸዱም።

ሚያዝያ 26

አፈነኝ። ፓፍ። ሌላ ፓፍ። ደረቴ ሲር ሲር ይላል። ጭምብሉን አውልቄ ወረወርኩት። ጁነዲን አነሳው። ማን አንሳ አለው?

አጠገባችን የከሰል ምድጃ ነበር። እሱ ነው።

ግንቦት 1፣ ጋላፊ ጠረፍ፣ ወረፋ ላይ

ነፋሱ አሸዋውን ይዞ ይመታናል። ጋቢና ውስጥ መሣሪያውን በኢንቨርተር ከባትሪ አገናኝቼ ተኛሁ። አልተኛሁም ማለቴ ነው። አየሩ ይገባል፣ ደረቴ ግን እምቢ ይላል። መሣሪያው ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እኔ ወደ ውጭ መተንፈስ አልችልም። አቧራው ነው። ይህ አገር ለሳንባ አልተሠራም።

ጁነዲን ሲነዳ ጠርዝ ይይዛል። ስንት ዓመት አስተምሬው! "ወደ መሀል" እለዋለሁ። "እሺ ጋሼ" ይላል። ይህ "እሺ ጋሼ" የሚለው ነገር ራሱ ያናድደኛል። አንድ ቀን እንኳ መልሶ ቢቆጣ ቀለል ይለኝ ነበር።

ግንቦት 5፣ አዋሽ፣ ቤቴ

ዛሬ ሁለት ነገር ሆነ፤ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

አንደኛ። ከመታጠቢያ ስወጣ ሙሉሐረግ ጓሮ ቆማ በስልክ ታወራለች። "ስንቴ ቀሰቀስከው? … አይ አንተ ልጅ፣ አንተስ መቼ ልትተኛ ነው? … ተወው ይሳደብ። እሱ እንዳይሰማ ብቻ።" ከጁነዲን ጋር ነው። ምን እንደማልሰማ ገብቶኛል። ሌሊቴን እየቆጠረ ለሀጂ ሰዒድ ሊያደርስ ነው! እንቅልፌን እየለካ መኪናዬን ሊወርስ! ሚስቴም ታውቃለች። ከራስ በላይ ነፋስ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ። ከገበያ ስመለስ ሴትዮዋ ቱቦዬን ሳፋ ውስጥ ነክራ በሳሙና ታሻዋለች! ጭምብሉን ገመድ ላይ እንደ ካልሲ አስጥታዋለች። ጮኽኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። "የኤሌክትሪክ ዕቃ በውሃ ይነከራል? ማን ንኪ አለሽ?" "ኤሌክትሪኩን መች ነካሁት? ቱቦውን ነው። ይሸታል ባንቴ።" "ምን ምን ይሸታል?" "አንተን አንተን።" ይህንንም ስድብ ብዬ ቆጠርኩት።

ቱቦው በአንድ ጊዜ አልደረቀም ብዬ እስኪመሽ ተነጫነጭኩ። ፊልትሮዋንም አይታ "ይቺ ተቀዳዳለች" ብላ አውጥታ፣ እህቷ ከላከቻቸው ትርፎች አንዱን አስገብታለች። ማን ፈቀደላት?

ግንቦት 6

ተኝቼ አደርኩ። ጠዋት ስነቃ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ሙሉሐረግ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ታየኛለች። "ምን ታፈጥጪብኛለሽ?" አልኳት። "ምንም" ብላ ተነሳች። ዓይኗ ቀልቷል።

ማታ ትንሽ ካፍያ ጥሎ ነበር። አየሩ በርዶ ነው የተኛሁት።

ግንቦት 9፣ ሰመራ

መሣሪያው ውስጥ ካርድ አለ። ስንት እንደተኛሁ፣ መቼ ጭምብሉን እንዳወለቅኩ ሁሉ ይመዘግባል። ከትራስጌዬ ሰላይ አስቀምጠውብኛል። ዶክተሯ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ አየችው። "አባባ፣ አዋሽ ያደሩበት ሌሊት በጣም ጥሩ ነው። ሌሎቹን ግን አውልቀው ነው ያደሩት። ቤት የሌለ፣ መንገድ ላይ ያለ ነገር ምንድነው?" "አቧራ" አልኳት። "አቧራ አዋሽም አለ" አለች። ይህቺ ልጅ መልስ አታጣም። የየቀኑን ፓፍ እንዳላቋርጥ፣ የሚያስታግሰውን ብቻ እየሳብኩ እንዳልኖር ደግማ ነገረችኝ። "አረፋ ሲያልፍ ሀጂ ይደውሉልኛል፤ ያየሁትን ነው የምነግራቸው" አለች።

ያየችውን! እኔን ሳይሆን ካርዱን ነው የምታየው።

ግንቦት 12፣ ሎጊያ

ዛሬ ጣሃን ልክ አስገባሁት። ሎጊያ ይሰማል፣ ሰመራም ይሰማል።

ገና ስንደርስ መሣሪያዬን ሰጠሁት፤ እንደተለመደው ሁሉን ነገር ነፋልኝ፣ ሙሉሐረግ በሳሙና ያጨማለቀችውን ሁሉ። ቀጥሎ የመኪናውን የአየር ፊልትሮ አውጥቶ መንፋት ጀመረ። ጠጋ ብዬ ሳየው ወረቀቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ! እጄን ከአየሩ ፊት ብደቅን መዳፌ ቅባት ሆነ። ኮምፕሬሰሩ ዘይት ይተፋል። ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ውሃውንም ከታንኩ አያወርዱለትም። ደሜ ፈላ።

"አንተ! በዘይት አየር ፊልትሮ ይነፋል? ይህ እኮ የሞተር ሳንባ ነው! ሳንባ! ዘይት ከነካው አቧራውን ይለጥፋል፣ በግፊቱ ደግሞ ወረቀቱ ይበሳል። ሞተሩ አፈር ይበላል፣ ይታፈናል፣ ዳገት ላይ ይሞታል! ሞተር ስለማይናገር ነው?" አልኩት። ሾፌሮቹ ሻያቸውን ይዘው ቆመው ሰሙኝ። ጣሃ "ጋሼ፣ ይቅርታ" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። አዲስ ፊልትሮ ካልገባ አልንቀሳቀስም ብዬ አስገባሁ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንድ ሞተር አልገደልኩም።

ጁነዲን ጎማ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሲያይ ነበር። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ በእጄ የያዝኩትን የመሣሪያዬን ቦርሳ አየ። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለ በለሆሳስ። ማንን እንደሆነ አልገባኝም። ቀጥሎ "ጋሼ፣ ዛሬ ያለ መሣሪያው ብታድር" አለኝ። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ያለ መሣሪያው ባድር ካርዱ ባዶ ይሆናል፣ ካርዱ ባዶ ከሆነ ቁልፉ የማን ነው? "ዞር በል ከፊቴ" አልኩት።

ግንቦት 13

ሆስፒታል። ገና ኦክስጅን ላይ ነኝ። በኋላ።

ግንቦት 14፣ ሰመራ፣ ሆስፒታል

ኦክስጅኑን ዛሬ ነቀሉልኝ። ጎኔ ያለው ታማሚ ያንኮራፋል፤ እንደ እኔ መሆን አለበት። እንቅልፍ የለኝም፣ ስለዚህ ልጻፍ።

ያን ሌሊት ጭምብሉን አጥልቄ ጋደም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ደረቴ ተቆለፈ። ፓፉን ሳብኩ፣ ምንም። ደግሜ ሳብኩ፣ ምንም። ለመጮህ እንኳ አየር የለኝም። ከአልጋዬ ስወድቅ የሰማው ጁነዲን ነው፤ ለካ አይተኛም ነበር። ተሳቢውን ፈትቶ፣ እኔን በጀርባው አዝሎ ጋቢና አስገብቶ ሰመራ ድረስ አበረረኝ። ጠርዝ ይይዝ አይይዝ አላየሁም። "ሻሃዳ አታሰኘኝ ጋሼ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ፣ ተንፍስ!" እያለ ሲጮህ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ሻሃዳ እነሱ ለሚሞት ሰው የሚሉት ነው። እያለቀሰ ነበር መሰለኝ።

ጠዋት ዶክተር ኮከብ መጣች። መሣሪያውን ይዞ የመጣው ጁነዲን ነው። ቱቦውን አነሳች፣ አሸተተች፣ ፊቷን አጨማደደች። "ይህ ምንድነው የሚሸተው?" እኔም አሸተትኩ። ምንም አልሸተተኝም። የእጄ ሽታ ነው፣ የልብሴ ሽታ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ነው። ነርሷ ጥጥ በወረንጦ ይዛ ቱቦውን ከውስጥ ጠረገችው። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ወጣ።

ያን ቢጫ አውቀዋለሁ። በመዳፌ ላይ አይቼዋለሁ።

"ዘይት ነው!" አለች ዶክተሯ። "ፊልትሮውም ተበስቷል። አባባ፣ አየር ሳይሆን የዘይት እንፋሎትና አቧራ ነው ሳንባዎ ውስጥ ሲገፋ የሚያድረው። ይህን ዕቃ የሚያጸዳው ማነው? በምን ነው የሚያጸዳው?"

ጁነዲን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ነርሷ ነበረች። ጎኔ ያለው ታማሚም ቀና ብሏል፤ የሎጊያ ሰው ነው። ሁሉም እኔን ያያሉ።

"ሚስቴ ናት" አልኩ።

ከየት እንደመጣ አላውቅም። አፌ ነው ያለው። "ምን እንደምትቀባው እንጃ" ብዬ ጨመርኩበት። ጁነዲን አየኝ። ወጥቶ ሄደ፣ እስካሁንም አልተመለሰም። ዶክተሯ የሙሉሐረግን ስልክ ጠየቀችኝ፣ ላስረዳቸው ብላ። ሰጠኋት። ምን ልበል?

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን ዛሬ አልጽፍም።

ግንቦት 17፣ አዋሽ

ስልኩ ሲደወል ሙሉሐረግ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እጇ ስለረጠበ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። የዶክተሯ ድምፅ ነው። በትሕትና ነው የተናገረችው፦ እናቴ፣ እንዳይደነግጡ፣ ባለማወቅ ነው፣ ግን ቱቦው ዘይት ነክቶታል፣ ባለቤትዎ ሊሞቱ ነበር፣ ከዛሬ ወዲያ በለስላሳ ሳሙናና በውሃ ብቻ።

ቢላዋው ቆመ። ሙሉሐረግ ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

"እሺ ዶክተር" አለች። "እኔ ነኝ። ሁለተኛ አይለምደኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ስልኩን በክርኗ ዘጋችው። ሽንኩርቱን ከትፋ ጨረሰች። ከዚያ ሳፋውን ውሃ ሞልታ፣ ሳሙና ጨምራ፣ ቱቦውን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። "እጠበው" አለችኝ። አጠብኩት። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፈፈ። ሦስት ጊዜ ቀየርኩት፣ እሷም ሦስቱንም ጊዜ ቆማ አየች። ፊልትሮውን እኔው ቀየርኩት።

ምን ነበር ብትሰድበኝ!

ግንቦት 24፣ አዋሽ

ተኝቼ አድራለሁ። ተኝቼ አድራለሁ። ተኝቼ አድራለሁ። እሷ ግን ከሌላኛው ክፍል ነው የምትተኛው። ድምፁ ረብሾኝ ነው ትላለች። ይህ መሣሪያ ድምፅ የለውም።

ግንቦት 30፣ ሚሌ

ትናንት አረፋ ነበር። ጁነዲን ከቤተሰቡ ጋር ደሴ ውሎ እዚህ ተገናኘን። "እንኳን አደረሰህ" አልኩት። "አብሮ ያድርሰን" አለ፤ ጋሼ አላለም። ከተገናኘን ጀምሮ ቃል ሳይተነፍስ ይነዳል። ያን "እሺ ጋሼ" ናፈቅኩት። ይህን ማንም አያንብብ።

ሰኔ 1፣ ሎጊያ፣ ማታ

ሀጂ ሰዒድ መጥቶ ጠበቀን። ሾፌሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ምግብ ቤት ቁልፉን ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አኖረ። "ሐኪሟ ደውላልኛለች። አልሐምዱሊላህ፣ ተኝቶ ያድራል ብላለች። ቁልፍህ ይኸው ባንተይርጋ። ለካ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም" አለ።

እጄ ወደ ቁልፉ ሄዷል። ነክቼዋለሁ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ከኋላ አንዱ "ፓይለት! ሚስትህ ዘይት ቀየረችልህ አሉ!" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሎጊያ ውስጥ ወሬ ከመኪና ይቀድማል፤ ያወራው ያ ሆስፒታል ጎኔ የተኛው ሰውዬ ነው። "ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው የምትቀይርልህ?" አለ ሌላው። "ሴትና ማሽን!" አለ ሦስተኛው። "እኔ ብሆን ወደ ቤተሰቦቿ እልካት ነበር።" ጣሃ ደጃፉ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ጁነዲን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

ከሚያዝያ ጀምሮ ስናደድ ኖሬያለሁ። በከሰሉ፣ በአቧራው፣ በዶክተሯ፣ በካርዱ፣ በጁነዲን። ያ ሁሉ ንዴት ተሰብስቦ ጉሮሮዬ ላይ መጣ፣ ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ አየር አላጠረኝም።

"አፋችሁን ዝጉ!" አልኩ። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። "ሙሉሐረግ ያን መሣሪያ የነካችው አንድ ቀን ነው፤ ሆስፒታል እስክገባ ድረስ እንቅልፍ የተኛሁትም ያን ሌሊት ብቻ ነው! እዚህ ደጃፍ ላይ፣ በዚያ ዘይት በሚተፋ ኮምፕሬሰር ያስነፋሁት እኔ ነኝ! ለመኪናው ፊልትሮ ስጮህ ሰምታችሁኛል፤ የራሴ ሳንባ በእጄ ላይ ነበር! ሐኪሟንም የዋሸኋት እኔ ነኝ! የሚስቅ አሁን ይሳቅ!"

ሀጂ ሰዒድ ብርጭቆውን አነሳና አስቀመጠ።

"ለሐኪሟ ዋሽተሃል?" አለኝ በቀስታ።

"አዎ።"

"ዘይቱን ይቅር እላለሁ። ሰው ይሳሳታል፣ ዕቃውም አዲስ ነው። ነገር ግን ባንተይርጋ፣ መሪ ላይ እንቅልፍ ሲመጣብህ ጁነዲን 'ጋሼ ደከመህ ወይ' ቢልህ ምን ትለዋለህ?"

"አልደከመኝም" እንደምለው ሁላችንም እናውቃለን። ሀጂ ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ ተነስቶ ወደቆመው ጁነዲን ገፋው። "እስከ መውሊድ" አለ።

ሰኔ 3፣ ሚሌ ጉምሩክ፣ ጋቢና ውስጥ

በቀኙ ወንበር ነኝ። ተናድጃለሁ። በሀጂ ተናድጃለሁ፣ ልክ ስለሆነ። ጁነዲን አሁንም ጠርዝ ይይዛል። "ወደ መሀል" አልኩት። "እሺ ጋሼ" አለ። ዞር ብዬ በመስኮት አየሁ፣ ፊቴን እንዳያይ።

ከሎጊያ ስንነሳ ጣሃ በልማድ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይዞ ብቅ ብሎ ነበር። እኔን ሲያይ ጣለው። "ታንኩን አራግፈኸዋል?" ብዬ ጮኽኩበት። "አራግፌዋለሁ ጋሼ!" "ለመኪና ብቻ!" "ለመኪና ብቻ!"

አሁን ጁነዲን ስልኩን ይዞልኝ መጣ። ሙሉሐረግ ናት። ከሎጊያ ጀምሮ አልደወልኩላትም፣ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅምና። መጀመር አላስፈለገኝም።

"ሰማሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"አዋሽ ድረስ ማን ያልነገረኝ አለ?" ከዚያ "ቱቦውን አጠብከው?" አለች።

"አጠብኩት።"

"በምን?"

"በሳሙና።"

"ደርቋል?"

"ደርቋል።"

"በል ተኛ እንግዲህ። አልጋችንን መስኮቱ አጠገብ አስጠግቼዋለሁ። ለሁለት ሰው ይነፍሳል።"

ጁነዲን ወርዶ ጎማውን እየመታ ያያል። መብራቱን ላጠፋው ነው።